በሙዚቃ ለመኖር ለቆረጣችሁ ወጣቶች፦ ስለ ዶክ ዋትሰን

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን በሙዚቃ መምህርነት አሳልፌ አሁን በጡረታ ላይ እገኛለሁ። ጊታርና ክራር ካስተማርኋቸው ልጆች መካከል ዓይነ ስውራን ነበሩ። እነርሱ መድረክ ላይ ወጥተው አሳምረው በተጫወቱ ቁጥር ከአድማጮች ዘንድ ሳይነገር የማይቀር አንድ አስተያየት ነበር፤ «ፈጣሪ ዓይን ቢነሳቸው ጆሮ ሰጣቸው» ይባላል። ተናጋሪዎቹ በጎ አስበው እንደሚሉት አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ይህ አነጋገር ልጁ የጣቱ ጫፍ እስኪላጥ ያጠናበትን ሌሊትና አንዱን ዜማ እየመላለሰ ያዳመጠበትን ትዕግሥት እንዳልነበረ ያደርግበታል፤ ለሚያዩትም ልጆች «ለእኛ አልተሰጠንም» የሚል ማመካኛ ያቀብላቸዋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሙዚቃ እንጀራ ለመብላት ለቆረጣችሁ ሁሉ፣ ለምታዩትም ለማታዩትም ነው። በምሳሌነት የማነሣላችሁም አሜሪካዊውን የባህል ሙዚቃ ድምፃዊና የጊታር ሊቅ ዶክ ዋትሰንን ነው፤ ምክንያቱም ችሎታው በምን በምን ድካም እንደ ተገነባ ደረጃ በደረጃ የሚታወቅ፣ ራሱም በሕይወት ሳለ ሳይደብቅ የተናገረ ሰው ስለ ሆነ ነው።

የተወለደው በማርች 3 ቀን 1923 ሲሆን (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)፣ ቦታው በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በአፓላቺያን ተራሮች ውስጥ ያለው የዲፕ ጋፕ ገጠር ነው። የመዝገብ ስሙ አርተል ሌን ዋትሰን ነበር። ለወላጆቹ ከዘጠኝ ልጆች ስድስተኛ ሲሆን፣ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው በዓይን ኢንፌክሽን ምክንያት ብርሃኑን አጣ። አባቱ ጄኔራል ዋትሰን፣ «ጄኔራል» ማዕረግ ሳይሆን የወጣላቸው ስም ነው፣ በእርሻና በቀን ሥራ ቤተ ሰባቸውን የሚያስተዳድሩ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም መዝሙር የሚመሩ ሰው ነበሩ። እናቱ አኒ ደግሞ የቤት ሥራቸውን እየሠሩ የቆዩ የተራራውን አገር ዘፈኖች ያንጎራጉሩ ነበር። ድህነት በበዛበት በዚያ ቤት ውስጥ መዝፈን ልዩ ተሰጥኦ ያለው ሰው ብቻ የሚሠራው ነገር አልነበረም።

ሙዚቃ ወደ እጁ የገባው ቀስ በቀስ ነው። በየዓመቱ ለገና አዲስ ሃርሞኒካ ይሰጡት ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለ በአንድ ተንሸራታች በር ላይ የብረት ሽቦ ወጥሮ፣ በሩን እየገፋና እየሳበ ሽቦውን ሲያከርረውና ሲያላላው የሚወጣውን ድምፅ ከሃርሞኒካው ጋር ለማስማማት ይሞክር ነበር። ከእናቱ ወንድም የተገኘ በእጅ የሚጠመዘዝ ግራሞፎን ቤታቸው ሲገባም አብረውት የመጡትን ሸክላዎች እየደጋገመ ያዳምጥ ጀመር። 11 ዓመት ሲሆነው አባቱ በገዛ እጃቸው ባንጆ ሠሩለት። የባንጆ ፊት እንደ ማሲንቆ በቆዳ የሚወጠር ሲሆን፣ ለዚህኛው የዋለው ያረጀች የአያቱ ድመት ቆዳ ነበር። አባቱ መሣሪያውን ሲሰጡት በደንብ እንዲማርበት፣ ነገ ኑሮውን ለመግፋት ሊረዳው እንደሚችል ነግረውት ነበር። ልብ በሉ፣ መሣሪያው የተሰጠው ለመጽናኛ ወይም ለጊዜ ማሳለፊያ ተብሎ አይደለም፤ ይህ ልጅ ነገ አዋቂ ሆኖ ራሱን ያስተዳድራል ተብሎ ታስቦ ነው።

ጊታርን ያገኘውም በዚያው መንገድ ነው። ወንድሙ ከሰው የተዋሰው ጊታር ቤት ውስጥ ነበርና አርተል ሲነካካው አባቱ ሰሙት። እስከ ማታ አንድ ዘፈን ተምሮ ከተጫወተላቸው፣ እርሱ ካጠራቀመው ሳንቲም ላይ ጨምረው እንደሚገዙለት ቃል ገቡ። ቀደም ሲል በራሌ ከተማ ባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከአንድ ጓደኛው ጥቂት ኮርዶች፣ ማለትም በአንድነት የሚመቱ ድምፆች፣ ለምዶ ስለ ነበር፣ አባቱ ከሥራ ሲመለሱ ዘፈኑን ጨርሶ ጠበቃቸው፤ በ12 ዶላር ስቴላ የሚባል ጊታርም ተገዛለት።

ዶክ በሸመገለበት ጊዜ እንኳ ስለ አባቱ ሲጠየቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ግን አንድ መጋዝ ነው። 14 ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ የትልቁን የዛፍ መቁረጫ መጋዝ አንዱን እጀታ አስያዙት። ይህ በሁለት ጫፉ እጀታ ያለው፣ ሁለት ሰዎች ከግንዱ ወዲህና ወዲያ ሆነው እየተፈራረቁ የሚስቡት መጋዝ ነው። አንዱ ሲስብ ሌላው እጁን ማላላት አለበት፤ የሚገፋ ከሆነ ብረቱ ይጎብጥና ግንዱ ውስጥ ይያዛል። ለዚህ ሥራ ከዓይን ይልቅ የሚያስፈልገው ከግንዱ ማዶ ያለውን ሰው አሳሳብ በብረቱ በኩል እየሰሙ ምቱን ጠብቆ መሥራት ነው። ዓይነ ስውር መሆኑ ረዳት የለሽ ሰው እንደማያደርገው አባቱ ያሳወቁት በዚያ መጋዝ እንደ ነበር ዶክ ደጋግሞ ተናግሯል። በዚያን ዘመን የአካባቢውን የቼስትነት ዛፍ በሽታ ጨርሶት ደርቆ ቆሞ ነበርና፣ አርተል ከወንድሙ ጋር እነዚያን ደረቅ ዛፎች እየቆረጠ ለቆዳ ፋብሪካ በመሸጥ ባገኘው ገንዘብ በፖስታ ትእዛዝ የተሻለ ጊታር አስመጣ። እኔ የዋትሰንን ቀኝ እጅ በሸክላ ላይ በሰማሁ ቁጥር፣ ያ ወደ ታችና ወደ ላይ እኩል እየተመላለሰ አንድም ምት የማይስተው እጅ፣ ያን መጋዝ ያስታውሰኛል።

የማታዩ ወጣቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ ለእናንተ ለብቻችሁ የምለው አለኝ። ባንዱ ዕቃ ሲያራግፍ «አንተ እዚህ አረፍ በል» ብለው ወንበር ይስቡላችኋል። ወንበሩን በአክብሮት መልሳችሁ ሥራ ጠይቁ። ኬብል መጠቅለል፣ የራሳችሁን ክር መለወጥ፣ መሣሪያችሁን ያለ ማንም እርዳታ መቃኘት፣ ማይክሮፎኑ ከአፋችሁና ከጊታሩ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ማወቅ ሁሉ ከሙያው ይቆጠራል። ዋትሰን የገዛ ቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር ራሱ የዘረጋ ሰው ነበር። ይህን የምነግራችሁ ሽቦ እንድትነኩ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ ሰው በባንድ ውስጥ ሲኖር ጓደኞቹ እንደ እኩያ እንጂ እንደ እንግዳ ሊያዩት እንደማይችሉ እንድታውቁ ነው።

ሁላችሁም እንድታውቁት የምፈልገው ሌላው ነገር እስኪታወቅ ድረስ የቆየበት ዘመን ርዝመት ነው። «ዶክ» የሚለውን ስም ያገኘው በ18 ዓመቱ ገደማ፣ ሌኖይር በምትባል ከተማ ከአንድ የቤት ዕቃ መደብር በቀጥታ በሚተላለፍ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ ነው። አስተዋዋቂው አርተል የሚለው ስም ለአድማጭ የማይመች ሆኖበት ሌላ ስም ሲፈልግ፣ ከተመልካቾች መካከል አንዲት ልጅ «ዶክ በሉት» አለች፤ ስሙም በዚያው ጸና። ከዚያ በኋላ ግን ዝና አልተከተለም። በቡን ከተማ ጎዳና ዳር ቆሞ ለመንገደኛ ይጫወት ነበር። በ1947 የቫዮሊን ተጫዋቹን የጌተር ካርልተንን ልጅ ሮዛ ሊን አገባ፤ ሁለት ልጆችም ወለዱ፤ ቤተ ሰቡንም ለማስተዳደር ሲል የሰው ፒያኖ እየዞረ ይቃኝ ነበር። መንግሥት ለዓይነ ስውራን ከሚሰጠው ድጎማ ለመላቀቅ የቻለው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ ያም ቀን ከሚኮራባቸው ነገሮች አንዱ ነበር።

በ1953 ግድም በቴነሲ ግዛት በጆንሰን ሲቲ ከነበረው የጃክ ዊሊያምስ የዳንስ ባንድ ጋር ኤሌክትሪክ ጊታር መጫወት ጀመረ፤ ሰባት ስምንት ዓመት ያህልም ቆየበት። ይህን ዘመን ብዙ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፎት ይሄዳል፤ ለእኔ ግን የሕይወቱ ዋና ምዕራፍ ይህ ነው። ባንዱ ቫዮሊን ተጫዋች አልነበረውም። ጨፋሪው ሕዝብ ደግሞ በክብ እየተያያዘ የሚጨፍርባቸውን የቆዩ የቫዮሊን ዜማዎች ይፈልጋል። ስለዚህ ዶክ እነዚያን ዜማዎች በጊታር መጫወት ነበረበት። ቫዮሊን የሚጫወት ሰው አንድ የቀስት ስበት ላይ ብዙ ድምፆችን ሊያያይዝ ይችላል፤ ጊታር ላይ ግን እያንዳንዷ ድምፅ የራሷን የፒክ (የክር መምቻ) ምት ትጠይቃለች፤ ምቱም አንዱ ወደ ታች ሌላው ወደ ላይ እየተፈራረቀ፣ ከክር ወደ ክር ሲሻገርም ሳይደናቀፍ፣ በጨፋሪው እግር ፍጥነት መሄድ አለበት። በየሳምንቱ መጨረሻ ይህን የሚሠራ ሰው ወይ ይተወዋል ወይ ይካነዋል። ዋትሰን ተካነው፤ ዓለም በኋላ የተደነቀበት የአጨዋወት ስልቱም የተወለደው በዚያ ባንድ ውስጥ በነበረ ጉድለት ምክንያት ነው። ለሠርግ፣ ለሆቴል፣ ለምርቃት ድግስ ስትጫወቱ ጊዜያችሁ የባከነ መስሎ የሚታያችሁ ካላችሁ ይህን አስቡት። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ የቀረ ዕለት የእርሱን ሥራ በእናንተ መሣሪያ ለመሸፈን ስትሞክሩ የምታገኙትን ማንም መምህር በክፍል ውስጥ አይሰጣችሁም።

በ1960 ራልፍ ሪንዝለር የሚባል የባህል ሙዚቃ ሰብሳቢና አጥኚ ወደዚያ አገር መጣ። የመጣው ክላረንስ አሽሊ የተባለውን አንጋፋ ድምፃዊ ለመቅዳት ሲሆን፣ አሽሊ አብረውት እንዲጫወቱ ከጠራቸው ሰዎች አንዱ ዶክ ነበር። ዶክ ኤሌክትሪክ ጊታሩን ይዞ ቢቀርብ ሪንዝለር አልተደሰተም፤ የሚፈልገው የጥንቱን ድምፅ ነበርና በቦክስ ጊታር እንዲጫወት ጠየቀው። ዶክ የራሱ ቦክስ ጊታር እንደሌለው፣ ቢዋስም የማያውቀውን መሣሪያ ይዞ መቀዳት እንደማይፈልግ ነገረው። በማግስቱ በጭነት መኪና ሲጓዙ ሪንዝለር ከኋላ ተቀምጦ ባንጆ ይመታ ነበር፤ ዶክ ከጋቢናው ወርዶ ከኋላ ወጣና ባንጆውን ተቀብሎ ተጫወተበት። ሪንዝለር ከፊቱ ያለው ሰው ለካ የዚያ ሁሉ የተራራ ሙዚቃ ቋት መሆኑን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ዶክ ዋትሰን 37 ዓመቱ ነበር።

ወጣቶች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ብዙውን ጊዜ የሚቀርላቸው «ዕድል አንኳኳ» የሚለው ነው። እኔ ግን የምለው ሌላ ነው፤ ያ መኪና ላይ የወጣው ሰው ከአባቱ ባንጆ ጀምሮ ለ26 ዓመታት ሳያቋርጥ የሠራ ሰው ነበር። እንግዳው ያልወደደለትን የኤሌክትሪክ ጊታር ሙያውንም አፍሮበት አልደበቀም፤ የአያቶቹን ዜማም «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ አልጣለም። ሁለቱንም ይዞ ነበር፤ የትኛው እንደሚፈለግ አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችል ሰውም አልነበረም። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ስንት ሰው እንዳያችሁ በየሰዓቱ የምትቆጥሩ ልጆች አላችሁ፤ ያን ሰዓት ለመሣሪያችሁ ብትሰጡት ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ ሄደ። በ1961 ከአሽሊ ጋር ኒው ዮርክ ላይ ተጫወተ፤ በ1963 በኒውፖርት የባህል ሙዚቃ ፌስቲቫል ታየ፤ በ1964 በስሙ የመጀመሪያው አልበም ወጣ። ነገሩ ሲነገር ይቀላል እንጂ፣ በእነዚያ ዓመታት ጊታሩን ተሸክሞ ብቻውን በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ የሚዞር፣ በማያውቀው ጣቢያ ወርዶ የማያውቀውን ሰው የሚጠብቅ ዓይነ ስውር ሰው ነበር። እርሱ በመንገድ ላይ ሳለ ሮዛ ሊ ለልጃቸው ለመርል የመጀመሪያዎቹን የጊታር ኮርዶች አስተማረችው። አባት ሲመለስ ልጁን ጊታር ተጫዋች ሆኖ አገኘው፤ ወዲያውም በዚያው በ1964 መርል በ15 ዓመቱ ከአባቱ ጋር መድረክ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለ20 ዓመታት ያህል አብረው ሠሩ፤ መኪናውን የሚነዳውም፣ የጉዞውን ነገር የሚያስተካክለውም መርል ነበር። የዶክን ዝና የምታደንቁ ሁሉ የእናትየውን ስም አብራችሁ ብትጠሩ ፍትሕ ነው።

ስለ መማር አንድ ነገር ልጨምር። ዋትሰን የሚጫወተው የመንደሩን ዜማ ብቻ አልነበረም፤ ብሉዝም፣ መዝሙርም፣ የጃዝ ዘመን ዘፈንም፣ ከሬዲዮ የሰማውንም ይጫወት ነበር። ሁሉንም የተማረው በጆሮ ነው። መድረክ ላይ ደግሞ ዘፈኑን ከማን እንደ ሰማው፣ ከአያቱ ይሁን ከጎረቤት ወይም ከየትኛው ሸክላ፣ ለአድማጩ የመንገር ልማድ ነበረው። በጆሮ መማር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዜማ ሲወርድ የኖረው ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ነው፤ በዚያም ጉባኤ ዓይነ ስውራን ተምረው መምህራን ሆነዋል፤ የሚያዩትን ተማሪዎች አቅንተዋል። እዚያ «ፈጣሪ ጆሮ ሰጠው» ተብሎ የሚታለፍ ተማሪ የለም፤ መምህሩ እስኪጸናለት ያስደግሙታል። እናንተም ከአንድ አዝማሪ ወይም ከአንድ አረጋዊት እናት ዜማ ስትወስዱ እስኪጸናላችሁ ተቀመጡ፤ በስልክ ቀድታችሁ አትሽሹ። ስትጫወቱትም የማን እንደ ሆነ ተናገሩ። ሕዝባዊ ነው እየተባለ ባለቤቱ የሚረሳበት ዜማ በአገራችን እጅግ በዝቷል፤ ይህም የሚያሳዝነኝ ነገር ነው።

ሐዘኑን ሳልነግራችሁ ብቀር የሰውየውን ግማሽ መደበቅ ይሆንብኛል። በኦክቶበር 1985 መርል በትራክተር አደጋ ሞተ፤ 36 ዓመቱ ነበር። ዶክ ሙዚቃን ለመተው አስቦ ነበር። ነገር ግን ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ1988ም በዊልክስቦሮ ከተማ ባለው የማኅበረሰብ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ በልጁ ስም የመታሰቢያ ዝግጅት ተጀመረ። መርልፌስት የሚባለው ይህ ዝግጅት ዛሬም በየዓመቱ በሚያዝያ ግድም የሚካሄድ ትልቅ ፌስቲቫል ነው። ሐዘን ያገኘው ሙዚቀኛ መቼ መመለስ እንዳለበት ማንም ሊያዘው አይገባም፤ ከተማሪዎቼ መካከል ሐዘን ላይ ሳሉ «ሥራ ይረሳሃል» እየተባሉ መድረክ የተገፉ ነበሩ፤ የጠቀማቸው አልመሰለኝም። ጊዜያችሁን ውሰዱ። ስትመለሱም ብቻችሁን አትመለሱ፤ ከምታምኑት ሰው ጋር ተመለሱ።

ክብሩ በመጨረሻ በብዙ መልክ መጣ። ሰባት የግራሚ ሽልማቶች አገኘ፤ በ2004ም የሕይወት ዘመን ሽልማት ተጨመረለት፤ በ1997 ከፕሬዚዳንት ክሊንተን እጅ የአገሪቱን የኪነ ጥበባት ሜዳሊያ ተቀበለ። በ2011 በቡን ከተማ፣ በወጣትነቱ ለመንገደኛ ይጫወትበት በነበረው ጎዳና ዳር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጊታር ሲጫወት የሚያሳይ ሐውልት ቆመለት፤ ከሕዝቡ አንዱ መሆኑን ብቻ የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲደረግበት የጠየቀው ራሱ ነው። በሜይ 29 ቀን 2012 በ89 ዓመቱ ዐረፈ።

በመጨረሻ የምታዩት ወጣቶች፣ ነገ አስተማሪ ወይም የባንድ መሪ ስትሆኑ ዓይነ ስውር ተማሪ ይመጣላችኋል። እጁን ሳታስፈቅዱ ይዛችሁ ክሩ ላይ አታስቀምጡ፤ የእናንተን እጅ እንዲዳስስ ፍቀዱለት፤ ጣታችሁ የት እንዳለች፣ ክንዳችሁ እንዴት እንደ ተቀመጠ ራሱ ያገኘዋል። «እዚህ» እና «እዚያ» አትበሉት፤ የክሩን ቁጥርና የፍሬቱን (በጊታሩ አንገት ላይ ያለውን የብረት መስመር) ቁጥር ንገሩት። መድረክ ላይ በጥቅሻ የምትሰጡትን ምልክት በትንፋሽ ወይም በእግር ምት ለውጡለት። ሲሳሳትም ለሌሎቹ እንደምትነግሩት አድርጋችሁ ንገሩት፤ ከመጀመሪያውም እንዲደግመው ጠይቁት።